ስለ ፊደል ቍጥርና ስለ ልጆቻችን ስም

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ባሉበት ቤት ማታ ከራት በኋላ የሚሰማ አንድ ጨዋታ አለ። ታላቁ፣ «አምስት ፊደል ያለው፣ ‹ኤል› እና ‹አይ› የሚገኙበት ቃል አምጣ» ይላል፤ ታናሹም በጣቱ እየቈጠረ ይፈልጋል፤ ያጣም እንደ ሆነ እንደ እንቆቅልሹ ልማድ «አገር ስጠኝ» ይባልና ጐንደርን ሰጥቶ ይገላገላል። አባትየው ይህን ሁሉ የሚሰማው በአንድ ጆሮው ነው። እኛ ግን ነገሩ ለልጆች ብቻ የሚተው ሆኖ ስላላገኘነው፣ በዛሬው ጽሑፋችን ለተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ልናመለክተው ወደድን። የልጁ ስም በሌላ አገር ፊደል ሲጻፍ ስንት ፊደል እንደሚሆንና የትኞቹ ፊደሎች እንደሚገቡበት አስቀድሞ ያላሰበ ወላጅ፣ ልጁ ባደገ ጊዜ ብዙ ደጅ መጥናት ይጠብቀዋልና።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ዓ.ም. «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ባዶ ሣጥኖች ያሉበት ሥዕል አወጣ፤ አንባቢውም የቃሉን ፍች አይቶ በየሣጥኑ አንዳንድ ፊደል እንዲሞላ አዘዘው። ከዚያ በኋላ አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት «ስክራብል» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ በርሱም ላይ ‹ኢ› የተባለው ፊደል አሥራ ሁለት ጊዜ ሲገኝ፣ ‹ኪው› እና ‹ዜድ› ግን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኙ ዋጋቸው አሥር አሥር ነው። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ጆሽ ዋርድል የተባለ ሰው «ዎርድል» የሚባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ገለጠ፤ ሥርዐቱም አምስት ፊደል ያለውን የተሰወረ ቃል በስድስት ግምት ማግኘት ነው። ይህን ጨዋታ «ኒው ዮርክ ታይምስ» የተባለው ጋዜጣ በጃኑዋሪ 2022 ዓ.ም. በገንዘብ ገዝቶታል። የቃል ጨዋታ እንዲህ እንደ ርስት የሚሸጥና የሚለወጥ መሆኑ ለኛ ትንሽ ያስገርመናል።

ቃል የሚፈልግ ልጅ ማወቅ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ፊደል ‹ኢ› መሆኑን ነው። በቴሌግራፍ ምልክት አንዲት ነጥብ ብቻ ተደርጋ የምትመታውም ይህች ፊደል ናት፤ ብዙ ጊዜ የሚላክ ነገር አጭር መሆን ይገባዋልና። ሁለተኛው ነገር ደግሞ እንግሊዝ የሚጽፈውን ሁሉ እንደማያነበው ነው። ለምሳሌ ባለጉዳይ በየጽሕፈት ቤቱ በር የሚቆመው ሰልፍ በእንግሊዝኛ ‹ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ› ተብሎ በአምስት ፊደል ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን የሚሰማው «ኪው» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ይህም የመጀመሪያው ፊደል ስም ነው። የቀሩት አራቱ ፊደሎች ተራቸውን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አገራችንም ፊደል በመቍጠር ከማንም ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። በጐንደርም ሆነ በሌላ ስፍራ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ስምንቱ አርእስተ ግሥ፣ ይኸውም ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፣ ስድስቱ በሦስት በሦስት ፊደል፣ ሁለቱ በአራት በአራት ፊደል የቆሙ ናቸው። ቅኔውም ልክ አለው፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት ይፈጸማል፤ ቤቱም የሚመታው በመድረሻው ፊደል ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ደግሞ መቶ ዐሥራ ስምንተኛውን መዝሙር ያስታውሳል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በሃያ ሁለቱ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቍጥር ሲደርሰው 176 ቍጥር ይሆናል። በዕብራይስጡ ስምንቱ ሁሉ በዚያው ፊደል ይጀምራሉ፤ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ግን ይህ ጥበብ ሊተላለፍ ስላልቻለ የፊደሎቹ ስም ብቻ በራስጌው ቀርቷል።

አንድ ፊደል ነገርን እንደሚለውጥም ከማንም በፊት እናውቃለን። ሠረቀ በንጉሡ ‹ሠ› ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ‹ሰ› የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ሌባ ነው። ስለዚህ «ሠረቀ ፀሐይ» ብሎ ንጋትን ሊናገር የፈለገ ሰው ፊደሉን ቢስት ፀሐይን በስርቆት ይከስሳታል። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ነው፤ ዓመት ዘመን፣ አመት ገረድ ናት። በአማርኛ ንግግር እነዚህ ፊደሎች በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ ዛሬ ብዙ ሰው ሳይለይ ይጽፋቸዋል፤ ይህንንም አጥብቀን አንነቅፍም፤ ነገር ግን በግዕዝ መጽሐፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊለያቸው ግዴታው ነው።

እንግዲህ ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። ልጆቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚፈልጉት ቃል አንዳንድ ጊዜ ከራሳቸው ተራራ የወረደ መሆኑ ነው። ከላይ «አምስት ፊደል ያለው፣ ‹ኤል› እና ‹አይ› የሚገኙበት» ያልነው ለምሳሌ ዋልያ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሦስት ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ‹ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤ› ተብሎ አምስት ፊደል ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከስሜን ተራራ በቀር የትም ስለማይገኝ፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ዓ.ም. ለሊቃውንት ሲገልጸው ስሙን ከአገሬው አፍ ወሰደ፤ ጭላዳም እንደዚሁ በእንግሊዝኛ «ጌላዳ» ተብሎ በስድስት ፊደል ገባ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ሁለት ስሞች ዛሬ በየአገሩ ይነበባሉ።

ጤፍ በኛ ሁለት ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አራት ነው፤ መጨረሻው ላይ ‹ኤፍ› ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በእጽዋት ሊቃውንት ስያሜ ግን በአንድ ‹ኤፍ› በሦስት ፊደል ይበቃዋል። ኮሶ ደግሞ በመዝገበ ቃላቶቻቸው ውስጥ አንድ ጊዜ በአራት፣ አንድ ጊዜ በአምስት፣ አንድ ጊዜ በስድስት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። መራራነቱ ሳይለወጥ ፊደሉ ብቻ ተለወጠ። ከሁሉ ይልቅ ግን ደስ ያሰኘን «ንጉሥ» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዞች ‹ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤስ› ብለው በአምስት ፊደል ይጽፉታል፤ እነዚህኑ አምስት ፊደሎች አዛውሮ ‹ጂ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዩ፣ ኤስ› ያላቸው እንደ ሆነ «ጂነስ» ይሆናል፤ ትርጓሜውም ሊቃውንት እንስሳትንና ዕፀዋትን የሚለዩበት ወገን ማለት ነው። በዚሁ ፊደል የሚጻፍ አንድ መጠጥም አላቸው፤ ወይን ጠጅ በሙቅ ውኃና በስኳር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው፤ ይህ ግን በ1732 ዓ.ም. በሞተው በኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ስም የተጠራ ስለ ሆነ ከነገሥታቶቻችን ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም።

አሁን ደግሞ «አገር ስጠኝ» ባዩ ጐንደርን ሳይወስዳት በፊት ፊደሏን እንቍጠር። በአማርኛ አራት ነው። በእንግሊዝኛ ስድስት ይሆናል፤ ‹ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤ፣ አር›። ከመጨረሻው ጀምረን ፊደሎቹን ብናዛውራቸው ‹ዲ፣ አር፣ ኤ፣ ጂ፣ ኦ፣ ኤን› ይወጣል፤ አንድም አልጐደለ፣ አንድም አልተረፈ። ይህም «ድራገን» ተብሎ ይነበባል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋው ዘንዶ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 ዓ.ም. ከተማቸው ያደረጓት አገር በእንግሊዝ ፊደል ዘንዶ ተጠቅልሎባት መገኘቱን የነገርናቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ለዚህማ ነው ግንቡ የተሠራ» ብለው አሥቀውናል።

ነገር ግን ዘንዶው የሚገኘው አምስተኛው ፊደል ‹ኤ› የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ በ‹ኢ› ይጽፈዋል፤ ያን ጊዜ ዘንዶው የለም። ሁለቱም አጻጻፍ በየሰሌዳውና በየወረቀቱ ላይ ይታያል። ዩኒቨርሲቲው በ‹ኤ› ይጽፋል። ልዩነቱ ከማን አለማወቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የኛ ፊደል መሠረቱ በግዕዝ ሃያ ስድስት ነው፤ የእንግሊዝም ሃያ ስድስት ነው፤ እስከዚህ ድረስ እኩያ ነን። ዳሩ ግን የኛ እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ ሲኖረው፣ እነርሱ ለድምፅ ያላቸው ፊደል ‹ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ› አምስት ብቻ ነው፤ ‹ዋይ› አንዳንድ ጊዜ ይረዳቸዋል። ሰባቱን ድምፅ በአምስት ፊደል ላድርስ ያለ ሰው ሁለቱን ማሳደር አለበት። ስለዚህ የ‹ደ› ግዕዙ ድምፅ ለአንዱ ጸሐፊ ወደ ‹ኤ›፣ ለሌላው ወደ ‹ኢ› ይቀርብበታል፤ ሳድሱም አንዱ በ‹አይ› ሲጽፈው ሌላው ፈጽሞ ይተወዋል።

ከፌብሩዋሪ 1770 እስከ ዲሴምበር 1771 ዓ.ም. በጐንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ዓ.ም. በኤዲንብራ ባሳተመው በአምስቱ ጥራዝ መጽሐፉ ላይ ይህን ችግር በየገጹ እናያለን። ወይዘሮን ‹ኦ፣ ዜድ፣ ኦ፣ አር፣ ኦ› ብሎ ጻፈ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ቍስቋምን ‹ኬ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤም› አለው። ቍ እና ቋ የሚባሉትን ድምፆች የሚያደርስ ፊደል አላገኘምና አንዱን ‹ኬ›፣ ሌላውን ‹ሲ› አደረገው። በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የፋሲል ግቢም ሌላ ታሪክ አለው። ግቢ በኛ ሁለት ፊደል ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ ግን ‹ጂ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቢ፣ ቢ፣ አይ› ተብሎ በስድስት ፊደል ይገኛል። ከ‹ጂ› በኋላ ‹ኤች› የገባችው በኢጣልያ አጻጻፍ ሥርዐት ነው፤ ያለ እርስዋ ኢጣልያኑ «ጀቢ» ብሎ ያነበዋልና። እንግሊዙ ግን ይህች ‹ኤች› ምን እንደምትሠራ አይገባውም።

ቀን ስናነሣ አንድ ነገር እንጨምር። በእንግሊዝኛ ‹ኪው› ከተጻፈ ‹ዩ› እንደ ጋሻ ጃግሬ ይከተለዋል፤ ስለዚህ «‹ኪው› ያለበት፣ ‹ዩ› የሌለበት አምስት ፊደል» ብሎ መጠየቅ በእንግሊዝ ቤት ከባድ እንቆቅልሽ ነው። መልሶቹም ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ የመጡ ቃላት ናቸው። ‹ፈቂር› ድኻ ማለት ነው፤ ‹ቀናት› በፋርስ አገር ከመሬት ውስጥ ውኃ የሚመራበት ቦይ ነው፤ ‹ጠላቅ› በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለሚሠሩ ሁሉ የታወቀው ፍቺ ነው። ሦስቱም በእንግሊዝ ፊደል አምስት አምስት ናቸው። እንደ ቀ፣ እንደ ጠ፣ እንደ ጨ፣ እንደ ጸ ያሉት በጉሮሮ ተጠንክረው የሚወጡት ድምፆች ግን በእንግሊዝኛ ከቶ የሉም፤ ስለዚህ ጥሩነሽና ተሩነሽ ቢጠሩ በወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ያበቃና ቁም ነገሩ ይጀምራል። ፀሐይ የሚለውን ስም እንመልከት። በኛ ሦስት ፊደል ነው። በ1942 ዓ.ም. ያረፉት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሆነው የአዲስ አበባው ሆስፒታል ስም በእንግሊዝኛ በስድስት ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ‹አይ› ነበረ፤ በ1935 ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ በልዕልቲቱ ስም የተጠራው፣ ወደ ኢጣልያ ተወስዶ የነበረውና በጃኑዋሪ 2024 ዓ.ም. የተመለሰው አውሮፕላን ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች በ‹ዋይ› ተፈጽሞ ይነበባል። ለአውሮፕላንና ለሆስፒታል ይህ ምንም አይደለም፤ ማንም አያሳስታቸውም። ለአንዲት ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከዳባት በኩል የመጣ አንድ አባት በጽሕፈት ሥራችን ላይ ሳለን ያጋጠመን ጉዳይ ይህን ያስረዳል። የልጁ ስም በወርቅ የሚጀምር ነው፤ ከዚህ በላይ አንገልጽም። በትምህርት ቤቱ ወረቀት ስሟ በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ነበረ፤ በፓስፖርቱ ላይ ዘጠኝ። በመካከል የገባችው አንዲት ‹አይ› ናት፤ ሳድሱን አንዱ ጸሐፊ የዘለለው፣ ሌላው የጻፈው ነው። ልጅቷን ሊቀበል የነበረው የውጭ አገር ትምህርት ቤት ሁለቱ ወረቀቶች የሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ መለሳቸው። አባትየው ምስክር ይዞ ሲመላለስ ከረመ፤ አንድ ቀንም ቆቡን በእጁ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ልጄን የሰየምኋት አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለት ያደረጓት ጸሐፊዎች ናቸው» አለ። የምንመልስለት ቃል አልነበረንም። ጉዳዩ በመልካም ተፈጸመ፤ ነገር ግን ማኅተሙ በታተመ ጊዜ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበርና ልጅቷ አንድ ዓመት ተቀመጠች። (ወርቅም ራሱ በእንግሊዝ ፊደል ‹ደብልዩ፣ ኦ፣ አር፣ ኬ› ተብሎ ሲጻፍ በእነርሱ ቋንቋ ሥራ ማለት ስለ ሆነ፣ ወርቅነሽ ያልናትን እነርሱ ሥራ ነሽ ብለው ያነቡዋታል።)

ፓስፖርት ደግሞ የራሱ ልክ አለው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት ከፓስፖርቱ ገጽ ግርጌ መኪና የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ በእያንዳንዱም መስመር 44 ስፍራ አለ። የጐንደርን አርባ አራት ታቦት የሚያውቅ ሰው ቍጥሩን አይረሳም። ከላይኛው መስመር የመጀመሪያዎቹ አምስት ስፍራዎች ለወረቀቱ ዐይነትና ለአገሩ ምልክት ስለሚሰጡ፣ ለስም የሚቀረው 39 ነው። ከ‹ኤ› እስከ ‹ዜድ› ካሉት ፊደሎች በቀር በስሙ ውስጥ ጭረትም ነጥብም አይገባም፤ ክፍት ቦታ ሲያስፈልግ የማዕዘን ምልክት ይሞላበታል። ለምሳሌ ያህል ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ገብርኤል ተክለ ሃይማኖት የሚል ስም እናስብ። በአማርኛ ስምንት ስምንት ስምንት ፊደል ሆኖ በጠቅላላው ሃያ አራት ነው፤ እጅግ ያማረ ልክ። በእንግሊዝኛ በተለመደው አጻጻፍ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት ሆኖ 37 ይሆናል፤ ስሞቹን የሚለዩት ሦስት ምልክቶች ሲጨመሩ 40። አንድ ፊደል ከውጭ ቀረ ማለት ነው። ደንቡ እንዲህ ያለውን ስም በመቍረጥ ያስገባዋል፤ ሰውየው ግን የተቈረጠበትን ሳያውቅ በሌላ ወረቀት ላይ ሙሉውን ይጽፋል፤ ያን ጊዜ መጠየቅ ይመጣል።

ስለዚህ ወላጆችን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ልጁ ክርስትና በተነሣበት ወይም ስም በወጣለት ሰሞን አባትና እናት ተቀምጠው ስሙ በእንግሊዝ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ይቍረጡ፤ የአባትና የአያት ስም አስቀድሞ በሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ እርሱኑ ይከተሉ፤ የተሻለ አጻጻፍ አለ ብለው ታናሹን ከታላቁ አይለዩ። የግዕዙን ድምፅ በ‹ኢ›፣ ራብዑን በ‹ኤ› መጻፍ ብዙ ሰው የያዘው ልማድ ስለ ሆነ ለአዲስ ስም እኛም እንመርጠዋለን፤ ለጐንደር ግን አጻጻፉ ከብሩስ ዘመን ጀምሮ ጸንቶ የኖረ ስለ ሆነ በ‹ኤ› ቢቀር፣ ከነዘንዶው ቢሆንም፣ ደስ ይለናል። የተቈረጠውን አጻጻፍ የልደቱ ቀን በሚጻፍበት በቤቱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ በጕልህ ማስፈር፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ ለጸሐፊው በቃል ከመንገር ይልቅ ወረቀቱን ማሳየት ይገባል። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል፤ የሁሉም ጆሮ አንድ አይደለም።

ለልጆች የሚሆን አንድ ቃል ትተን እንሰናበት። ስድስት ፊደል አለው፤ በ‹ኢ› ይጀምራል፣ በ‹ኢ› ይፈጸማል፣ በመካከሉም ሌላ ‹ኢ› አለ፤ ብሩስ በመጽሐፉ ሥዕሉን አውጥቶታል፤ በደቡብ አገራችን ብዙ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። ያላገኘ ልጅ አገር ይስጥ፤ መልሱን በሚመጣው ሳምንት እናወጣለን።